የማይከፈተው ሳጥን

ከጋምቤላ ወደ ኢታንግ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠች ነርስ ሰማያዊ የበረዶ ሳጥን ጭኗ ላይ አቅፋለች። አጠገቧ ያሉት ሽማግሌ ገበሬ በፕላስቲክ ጠርሙስ የያዙትን ውሃ ዘረጉላት።

«ልጄ፣ እስክንደርስ ይቺን ውሃ እዚያ ውስጥ ብትከቺልኝ?»

«አይከፈትም አባባ። የኩፍኝ ክትባት ነው፤ በተከፈተ ቁጥር በረዶው ይቀልጣል።»

«ለአንድ አፍታ?»

«ለአንድ አፍታም። ባለፈው ሳምንት ኬላ ላይ ግማሽ ቀን ቆመን፣ ስደርስ በረዶው ውሃ ሆኖ ነበር። ክትባቱን በሙሉ ጣልኩት።»

«ሊያስከትቡ የመጡት እናቶችስ?»

«ልጆቻቸውን እንዳዘሉ ተመለሱ። ከተኩስ ሸሽተው የመጡ ናቸው፤ የሰፈሩበት ቦታ ደግሞ ኩፍኝ ገብቷል። ዛሬም ከጠዋት ጀምሮ ዛፍ ሥር ተቀምጠው እየጠበቁኝ ነው።»

«መኪና የላችሁም እንዴ?»

«ነበረን። መንገዱ አያስተማምንም ተብሎ ቆመ።»

«ታዲያ አንቺ አትፈሪም?»

«እፈራለሁ እንጂ። አሁን ግን የምፈራው ፀሐዩን ነው።»

ሽማግሌው ጠርሙሳቸውን እግራቸው ሥር አስቀመጡ። ነጠላቸውን አውልቀው በመስኮቱ በኩል ፀሐይ እንዳያገኘው ሳጥኑን ሸፈኑት። ከዚያ ወደ ፊት ጮኹ።

«ሾፌር! እባክህ በየቦታው አትቁም!»

«ወራጅ ካለ ልቁም እንጂ ምን ላድርግ፣ አባባ?»

መውረጃዬ ደርሶ ነበር፤ «ወራጅ አለ» ለማለት የከፈትኩትን አፌን መልሼ ዘጋሁት።