የፍሪጅ ጠጋኙ ጆሮ

ጥርስ ሐኪሙ የታላቅ እህቷ ባል ነው። ስለዚህ ወረፋ አልጠበቀችም፤ ስለዚህም ደግሞ አፏን ከፍታ የሚላትን ሁሉ መስማት ግድ ሆነባት። ወንበሩን ወደ ኋላ አጋድሞ አስተኛት፣ ማደንዘዣውን የታችኛው መንጋጋዋ ሥር ወጋት፣ በጉንጯ በኩል ጥቅል ጥጥ ወሸቀላት፣ ምራቅ የሚመጠውን ቱቦ ከከንፈሯ ጥግ አንጠለጠለው። ይህን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ ነው እንግዲህ ጤንነቷን የጠየቃት።

«እንዴት ነሽ እህቴ? ደህና ነሽ? አትመልሺልኝ፣ አፍሽን እንዳትዘጊ። ደረጃው አላደከመሽም? የአምስት ወር ነፍሰ ጡር አራት ፎቅ በእግሯ ስትወጣ ያሳዝናል። ሊፍቱ ከቆመ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ጠጋኝ ጠፋ እኮ ዘንድሮ… ጠጋኝ የተባለው ሁሉ ሌላ ሥራ ይዟል መሰለኝ። መስኮቱን ልዝጋው? ነፋሱ እንዳይመታሽ። እስኪደነዝዝልሽ አሥር ደቂቃ እንጠብቅ። ዝም ብለን ከምንተያይ እስቲ ወሬ ላውራሽ።»

«ወሬ ላውራሽ» ሲል የወንበሩን ክንድ ጨበጥ አደረገች። ይህን ድምፅ ታውቀዋለች፤ ቤተሰቡ በሙሉ ያውቀዋል። ለስላሳ፣ ዝግ ያለ፣ ለሕፃን መድኃኒት የሚያጠጡበት ዓይነት ድምፅ ነው። ሰውየው ሲናደድ አይጮህም። ያደንቃል።

የተናደደበትንም ታውቃለች። ባለፈው እሑድ ምሳ ላይ አባቷ ከአራት መቶ በላይ የሚሆኑትን የሙዚቃ ሸክላዎቻቸውን ለማን እንደሚሰጡ በሁሉም ፊት ተናግረው ነበር። ሙዚቃ ለሚያውቀው ለጥርስ ሐኪሙ አይደለም። «ለፍሪጅ ጠጋኙ ይሁኑ፤ እሱ ሲያወራልኝ ነው ደስ የሚለኝ» ነው ያሉት። ፍሪጅ ጠጋኙ የእሷ ባል ነው።

«አንድ የማውቀው ሰው አለ» ብሎ ጀመረ ጓንቱን እየሳበ። «አንቺ አታውቂውም። የት ታውቂዋለሽ? ፍሪጅ ይጠግናል። እጁ ወርቅ ነው፤ ሞተ የተባለ ፍሪጅ ያስነሳል። አሁን ደግሞ ምን ጀመረ መሰለሽ… ሙዚቃ መስማት። በሠላሳ ስድስት ዓመቱ። አይበረታታም? ሌላው ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ እስከ ዛሬ ያልጨረሰውን እሱ በሦስት ወር ጨረሰው። አንድ ሽማግሌ አሉ፣ እሳቸውንም አታውቂያቸውም፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሸክላ የሰበሰቡ። የተመረጠ አልበም ብቻ። ከእሳቸው በሳምንት ሦስት ሦስት እየተዋሰ ይሰማል። ሰምቶ ደግሞ ዝም አይልም፣ የተሰማውን ይጽፋል፤ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዝቷል። እሑድ እሑድ ምሳ ላይ ያነብላቸዋል። እንዲህ ያለ ትጋት አይተሽ ታውቂያለሽ?

«የጀመረው በጃዝ ነው። ሰው ሲሰማው ትንፋሹን የሚውጥበት አልበም አለ። እሱ ምን ብሎ ጻፈ? ‹አራት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ቁልፍ ጠፍቷቸው ይፈልጋሉ። አይነጋገሩም። በመጨረሻ ከበሮ መቺው አገኘው፤ ከፍተው ወጡ።› … በቃ። ስለዚህ አልበም ወፋፍራም መጽሐፍ ሲጽፉ የኖሩት ሊቃውንት ምን ነክቷቸው ነው አልኩ እኔ። ቁልፍ ነው እኮ የጠፋው። ቀላል ነገር።»

ቱቦው ከከንፈሯ ጥግ አጉረመረመ። ሳቋ ነበር፤ አመለጣት።

«ምራቅ ነው፣ አይዞሽ። … ከዚያ ኦፔራ ሰማ። መቼም ሁሉን ይሞክራል፣ አያፍርም፣ ማፈር የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ሴትዮዋ መጨረሻው ላይ ትሞታለች። እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ የሚያለቅስ አንድ ሰው አውቃለሁ። የእኛ ሰው ግን ‹መሞቷን ለመናገር ሃያ ደቂቃ ፈጀባት፤ ይህን ያህል ትንፋሽ ያለው ሰው በምን ምክንያት ይሞታል?› አለ። እውነቱን እኮ ነው። ሐኪም ሆኜ እኔ እንኳ አላሰብኩትም።

«ብሉዝ ሰማ። ‹ሰውየው ጠዋት ተነሳ፣ ሚስቱ የለችም። በሚቀጥለው ዘፈን እንደገና ተነሳ፣ አሁንም የለችም። አንድ ሸክላ ሙሉ ስምንት ጊዜ ሲነሳ አንድ ጊዜ እንኳ እናቷ ቤት ሄዶ አልጠየቀም።› … እንዲህ ያለ ባል ያላት ሴት ታድላ። ብትጠፋ ወዲያው እናቷ ቤት ይፈልጋታል።

«ሲምፎኒውንማ ተይው። ‹አራት ጊዜ አለቀ ብዬ ላጠፋው ተነሳሁ፣ አራቴም አፈርኩ። ልሂድ ልሂድ እያለ በር ላይ ግማሽ ሰዓት የሚያወራ እንግዳ ነው።› ሮክ ሰማና የጊታሩን ጩኸት የመሬት ሽቦ ችግር ነው አለው። ያ በማሽን ብቻ የሚሠራው ሙዚቃ ሲመጣማ እንደ ዘመዱ ነው ያወቀው፤ ‹ኮምፕሬሰሩ ደህና ነው፣ ቴርሞስታቱ ግን ይጣበቃል› ብሎ ጻፈ፤ ሙዚቀኛው የት እንደሚኖር ጠየቀ፤ ሄዶ ሊሠራለት። ደግነቱን አየሽልኝ? ራፕ ሰምቶ ደግሞ ‹ሰውየው ስሙን አሥራ አራት ጊዜ ነገረኝ፤ አሳቢ ነው፣ እኔ ስም እረሳለሁ› አለ።»

ትንሿን መስታወት አፏ ውስጥ አስገብቶ ድዷን በጣቱ ጫን ጫን አደረገ። የተኮሳተረው ለጥርሱ ይሁን ለራፑ አልለየላትም።

«ደነዘዘሽ? ትንሽ ይቀረዋል። … አንድ ፒያኖ ተጫዋች አለ፣ ብቻውን የሚጫወት፣ ሲመስጠው እያንጎራጎረ የሚያቃስት። ያን ማቃሰት ለመስማት ሲሉ ብቻ ያንን ሸክላ የሚገዙ ሰዎች አሉ። የእኛ ሰው እሱን ሰማና ‹ጥርሱን ሳያመው አይቀርም። ሐኪም በቤት እያለ› ብሎ አነበበና ዞር ብሎ አየ ወደ እኔ… ወደ አንዱ ሰውዬ። ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። ሽማግሌውማ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ያ አንዱ ሰውዬም ሳቀ። ምን ያድርግ?

«ደግሞ ድምፁ። አምላክ ሲሰጥ አይሰስትም። ሲያነብ አጠገቡ ያለውም ይሰማዋል፣ ሦስተኛ ቤት ያለውም ይሰማዋል። ሽማግሌው ጆሮ ሥር አፉን ደቅኖ ነው እኮ የሚጮኸው። አክብሮት ይሆናል… እኔ ምን አውቃለሁ? ስለ ለስላሳ ሙዚቃ ሲያወራ እንኳ ገበያ መሀል የጠፋ ልጅ የሚጣራ ይመስላል።»

እዚህ ላይ አፏን ልትዘጋ ነበር። በጣቱ ከፈት አደረገላት።

የባሏን ጩኸት ምክንያት በዓለም ላይ የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ እሷ፣ ባሏና አባቷ። ከሦስት ወር በፊት ከግድግዳው ወዲያ ያሉት ጎረቤት «የአባትሽን ፍሪጅ አንድ ነገር አድርጉልን፣ እንደ ወፍጮ እየጮኸ አላስቀምጥ አለን» ብለው ደወሉላት። ባሏ ዕቃውን ይዞ ሄደ። ፍሪጁ እየተንቀጠቀጠ ከቦታው ሊወጣ ምንም አልቀረውም፤ አባቷ አጠገቡ ተቀምጠው በሰላም ጋዜጣ ያነባሉ። «የቱ ድምፅ?» አሉት። ወዲያ ማዶ ሸክላው ይዞራል፤ ዘፈኑ አልቆ መርፌው ባዶውን ይፍቃል፤ ሽማግሌው ግን በእግራቸው ምት ይጠብቃሉ። ባሏ ፍሪጁን ጠገነና አጠገባቸው ቁጭ አለ። ያኔ ነው የነገሩት። መስማት ካቆሙ ዓመት ሊሆናቸው ነው፤ የሚሰሙት ጆሯቸው ሥር የጮኸባቸውን ሰው ብቻ ነው። «ለጥርስ ሐኪሙ እንዳትነግሩት» ብለው አስማሉት፤ በኋላ እሷንም አስማሏት። «እሱ የሚመጣው ከሚሰማ ሰው ጋር ሊቀመጥ ነው።»

ደብተሩ የተገዛው በማግስቱ ነው። ባሏ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት ሸክላ ይከፍትና «ይሄ የሚያሳዝን ነው የሚያስቅ?» ብሎ ይጠይቃታል። እሷም አታውቅም። ስለ ጃዙ ቁልፍ ባነበበላቸው እሑድ ግን የአባቷ ጣቶች ጠረጴዛው ላይ መምታት ጀመሩ። የዚያ ከበሮ መቺ ምት ነበር፣ አንድም ሳይዛነፍ። የጠፋባቸውን አልበም በቁልፉ ወሬ ተመልሰው ገቡበት። ጥርስ ሐኪሙ ያን ጊዜ ሳህኑን ነበር የሚያየው።

«ሌላም ሰው አለ» አለ ጥርስ ሐኪሙ፤ ጉጠቱን አንስቶ ብርሃን ላይ አገላብጦ አየው። «እሱንም አታውቂውም። ማንም አያውቀው። አሥራ አንድ ዓመት እሑድ ከሰዓት በኋላ ከሽማግሌው ጎን ይቀመጣል። ሸክላዎቹን በየዓመተ ምሕረታቸው የደረደረ እሱ። አቧራቸውን የሚያራግፍ እሱ። መርፌውን በጥርስ ሐኪም ብሩሽ የሚያጸዳ… ብሩሹን ከየት እንደሚያመጣው እንጃለት። ሸክላው ሲዞር ቃል አይተነፍስም። ዓይኑን ይጨፍናል፣ ሽማግሌውም ይጨፍናሉ። ድምፁንም ዝቅ ያደርገዋል፤ ጥሩ ነገር የሚሰማው ዝቅ ብሎ ነው ይላል። እንዲህ ያለ ሞኝ አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አላየሁም። አፉን ከፍቶ ‹ቁልፍ ጠፋ› ቢል ኖሮ እኮ አልቆለት ነበር። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ… አንድ ቀን እንኳ አላሳቃቸውም።»

የመጨረሻዋን ሲል ድምፁ ትንሽ ተሰበረ። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ መስኮቱ ግን ተዘግቷል፣ የሚያየው ነገር አልነበረም።

አዘነችለት። እውነቱን ብትነግረው እንዴት ቀለል እንደሚለው ታሰባት። «አባባ አንተን ስለናቁ አይደለም፣ አንተን እንዳያጡ ስለፈሩ ነው፤ ዘንድሮ እሑድ እሑድ ዝቅ አድርገህ የከፈትክላቸውን አንዱንም አልሰሙትም» ማለት ብቻ ነው የሚበቃው። ከዚያ ወዲያ ግን ምን ይመጣል? አንድም በአዘኔታ ይቀመጣል፣ አንድም መምጣቱን ይተዋል፤ አባቷ ሁለቱንም አይችሉም። ደግሞስ በምኗ ትናገር? ምላሷ እንደ ሰው ዕቃ ሆኗል፤ ቱቦው ያጉረመርማል፤ ጉጠቱ ገብቷል።

«እንግዲህ ትንሽ ግፊት ይሰማሻል። እግርሽን አትሰብስቢ። … አንዱ ዕድሜውን ይሰጣል፣ አንዱ ቴርሞስታት ይሰጣል፣ ቴርሞስታቱ ይወሰድለታል። ቅር ብሎኛል? ለምን ቅር ይለኛል? እኔ ደስ ነው ያለኝ። ሸክላዎቹ ቢያንስ አይሞቃቸውም። ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጣቸዋል።»

ቃ አለ። መንጋጋ ጥርሷ ወጣ፤ ከነሥሩ፣ ንጹሕ። በሙያው አይታማም።

«ይኸው። አላመመሽም አይደል? እኔ ሰው ማሳመም አልወድም።» ቱቦውን አወጣላት፣ አዲስ ጥጥ አጥፎ ቁስሉ ላይ አደረገላት፣ አገጯን ከሥር ገፋ አድርጎ አፏን ዘጋላት። «ይህን ጥጥ ነክሰሽ ያዢ። ግማሽ ሰዓት መናገር የለም። ትኩስ ነገር እንዳትጠጪ። የነገርኩሽንም ለማንም እንዳታወሪ፤ ሰውየው ቢሰማ ቅር ይለዋል፣ እኔ ደግሞ እወደዋለሁ።»

ወንበሩን ቀና አደረገው። ክንዷን ይዞ ደግፎ አስነሳት፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ሰቀለላት፣ እስከ በሩ ሸኛት። በሩን ከፍቶ ይዞ ሆዷን አየና ፊቱ በራ፤ እንዲህ ሲሆን ከአንጀቱ ይሁን ከአንገቱ ማንም ለይቶ አያውቅም።

«በሰላም ያገላግልሽ እህቴ። ወንድ ይሁን ሴት፣ ጤነኛ ይሁን፣ ዕድሜ ይስጠው። መልኩ በአንቺ ይውጣ። እጁ በአባቱ ይውጣ፣ ወርቅ ነው። ሳቁም በአባቱ ይውጣ፣ ግድ የለም። ጆሮውን ግን… ጆሮውን አምላክ ለይቶ የአያቱን ይስጠው። ቁርጥ የአያቱን ጆሮ። አሜን አትዪም?»

እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ እንደታዘዘችው ጥጡን ጥርቅም አድርጋ ነከሰች።