ሹፌር የምታነቃዋ ነርስ

ሰው የሚኮራበትን መከራ ብንወስድበት ምን እንተካለታለን? ሩቅ አገር የሆስፒታል አስተዳደር ተምሬ ከተመለስኩ ወዲህ ይህን ጥያቄ ይዤ እዞራለሁ፤ መልሱን ግን አላውቀውም። ጥያቄውን ያስነሱብኝ የእናቴ ወንድም ናቸው።

የጤና ምርመራ ወረቀት ላወጣ ሆስፒታል ሄጄ ነበር። ድንገተኛ ክፍል በር ላይ አንድ አምቡላንስ ቆሟል፤ ሹፌሩ ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቷል። ቀረብ ብዬ ሳይ አጎቴ ናቸው። መስታወቱን ባንኳኳ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ሞተሩን አስነሱ።

"የት ነው? ስንት ሰው ተጎዳ?"

"ጋሼ፣ እኔ ነኝ! የእህትዎ ልጅ።"

"ውይ፣ አንተ ነህ እንዴ? እንዲህ ከስተህ ሳይህ በሽተኛ መስለኸኝ ልጭንህ ነበር!" ሞተሩን አጠፉ። "ና ግባ። እዚያ ትምህርት እንጂ ምግብ አይሰጡም?"

ጎናቸው ስቀመጥ ወንበሩን ትንሽ አዩት።

"የሬዲዮ ቦታ ነበር" አሉ።

"የምን ሬዲዮ?"

"ነርሷ ናታ! አፏ ስለማይዘጋ ሬዲዮ ነው የምንላት። የእኛ ደንብ እንዲህ ነው፤ ነርስ በሽተኛ ስንይዝ ከኋላ ትሆናለች፤ ባዶ ስንሆን ደግሞ ከፊት ተቀምጣ ሹፌሩን በወሬ ታነቃለች። ተተኪ ስለሌለን ፈረቃ በፈረቃ ላይ ይደረባል። ሬዲዮ ስታወራ ግን መንገዱ ያጥራል። የአክስቷን ሦስት ባሎች ታሪክ ትጀምርና ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ጥሪ ይመጣል። ሦስተኛው ምን እንደሆነ እስካሁን አላወቅሁም።"

"እሷንስ ማን ያነቃታል?"

"እሷማ ወጣት ናት።"

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ ጨዋታ የሚሉት ለእሷ ሁለተኛ ሥራ ነበር። የእንቅልፍ መድኃኒቱ አልጋና ተተኪ ሹፌር ነው እንጂ ወሬ አይደለም።"

"እሷም እንደዚሁ ነበር የምትለው።" ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። "'ጋሽዬ፣ አለቃው ዘንድ አብረን እንግባና ማረፊያ ክፍልና ተተኪ እንጠይቅ፤ እርስዎ ካሉ ይሰሙናል' አለችኝ። እኔ ደግሞ በሰው ፊት፣ 'አምቡላንስና ትራስ ምን አገናኛቸው?' አልኳት። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ወሩ ሲያልቅ ለቀቀች።"

"ለምን እንዲያ አሏት?"

"እኛ ስንጀምር አለመተኛት ማዕረጋችን ነበር። ደከመኝ ያለ ሰው፣ 'ሂድ ታክሲ ንዳ' ይባላል።" ከዚያ አተኩረው አዩኝ። "አንተ በተማርክበት አገር ግን ማረፊያ አላቸው አሉ።"

"አላቸው። የተወሰነ ፈረቃም፣ በሽተኛ የሚያነሳ መሣሪያም አላቸው።"

"መንገድ ላይስ ይጫወታሉ?"

ምክሬን እንደ ስንቅ ቋጥሬ መጥቻለሁ፤ ይህን ግን አልቋጠርኩም። እዚያ ሳለሁ ምንም አልጎደለብኝም፤ እኔን ለማንቃት ብሎ ያወራኝ ሰው ግን አልነበረም። እረፍቱ ሲገባ ጨዋታው ይወጣ ይሆን? ያመጣሁትን ምክር ራሴ ተጠራጠርኩት።

አጎቴ ግን ሌላ ነገር አነሱ።

"ባለፈው ሳምንት ቤቷ የወለደች እናት ከነልጇ ይዘን ስንመጣ መኪናው ወደ ገደሉ ሲያዘነብል አላየሁም። የቀሰቀሰኝ የሕፃኑ ልቅሶ ነው። ሬዲዮ ብትኖር ይህ አይሆንም ነበር።"

"ጋሼ፣ ሬዲዮ ብትኖርም እኮ ያን ጊዜ ከኋላ ከእናቲቱ ጋር ነበር የምትሆነው።"

አጎቴ የመኪናውን ቁልፍ ነቀሉ።

"ለካ በሽተኛ ስንይዝ የሚያነቃኝ ኖሮ አያውቅም" አሉ። "ያተረፈን ዕድል ነው። እሷ ይሄ ገብቷት ነበር። ተነስ፤ አለቃው ሳይወጣ እንግባ።"

"እኔ ምን እላለሁ?"

"አንተ የተማርከውን ተናገር፤ እኔ ያፈርኩበትን እናገራለሁ።"

አለቃው፣ "አምቡላንስና ትራስ ሲሉ የነበሩት እርስዎ አይደሉም እንዴ?" ብለው ቢያሾፉባቸውም አጎቴ ወደ ኋላ አላሉም። ገደሉን ሳይደብቁ ተናገሩ። ነገሩ በአንድ ቀን አልሆነም፤ ደጅ ጠንተናል። በኋላ ግን የተሰባበረ ዕቃ የተከመረበት ክፍል ተጠርጎ አልጋ ገባበት፤ ተተኪ ሹፌር ተቀጠረ፤ በሽተኛ ከደረጃ የሚወርድበት ባለጎማ ወንበር መጣና የነርሶቹ ወገብ ተረፈ። ሥራ የሚለቅ ሰው ቀነሰ። ሕመምተኛም የነቃ ሹፌር አገኘ። ለሌላው ፈጥኖ የሚደርስ ራሱ ያረፈ ሰው ነው፤ ይህን አሁን ለአዳዲሶቹ የሚያስተምሩት አጎቴ ናቸው።

አንድ እሑድ ቤታችን መጡና ስልካቸውን ሰጡኝ።

"እንቅልፌን ጠግቤያለሁ፤ ግን መንገዱ አላጠረልኝም" አሉ። "ጣቴ ለዚህ አይሆንም፤ ጻፍልኝ።"

እሳቸው እየተናገሩ እኔ ጻፍኩ፦

"ልጄ፣ ልክ ነበርሽ። ማረፊያ ተሰጥቶናል፤ ተተኪም አለ። በሰው ፊት ስላዋረድኩሽ ይቅር በይኝ። ብትመለሺ እኔን ማንቃት ሥራሽ አይደለም። እንዲሁ ብታወሪ ግን እሰማሻለሁ።"

ላክነው። ስልኩ መድረሱን አሳየን። አጎቴ እስኪመሽ ጠበቁ፤ ከዚያ በኋላም ብዙ ጊዜ ጠበቁ። መልስ አልመጣም።