ቀዩን መስመር የጠበቅሁ ዕለት

እናንተ፣ የልጅ ልጄ ሰይድ ደሴ ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው። አንድ ነጋዴ ከዐረብ አገር ያስመጣትን ዝቅ ያለች የውድድር መኪና እንዲሠራለት ሰጠው። ሞተሯን አየር በግድ የሚያጎርሳት ሱፐርቻርጀር የሚሉት ነገር አለባት። ሰይድ ነዳጅ የሚረጩትን ኢንጀክተሮች በትልልቅ ቀየረላትና የነዳጇን ልክ በላፕቶፕ ሲያስተካክል ሰነበተ። ሊሞክራት ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ፣ እህቴ ዘንድ ሊያደርሰኝ ጫነኝና ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አኖረው። «እማዬ፣ ይቺ መስመር ከአረንጓዴው ወጥታ ቀዩ ውስጥ ከገባች ይጩሁ። ነዳጅ ካጠራት ሞተሯ ይቃጠላል፤ እኔም አለቀልኝ።»

የሐረጎን ቁልቁለት በጉም ውስጥ ወረድን። መንገዱ አይታይ፣ ጎማው አይሰማ፤ ወላሂ የምንንሳፈፍ መሰለኝ። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ሲረግጣት እንደ ዋሽንት አፏጨች፤ መስመሯም ተነሳች። «ቀላ! ሰይዶ፣ ቀላ!» እግሩን አነሳ፤ ላብ አጠመቀው። «ደሴ ላይ ልክ ነበረች እኮ!»

«እኔስ» አልኩት፣ «ደሴ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ እዚህ ስወርድ ደረቴ ይሞላል። እሷስ አየሩ በዝቶባት እንደሁ?»

ግንባሩን መታ። «ለካ እዚህ ታች አየሩ ወፍራም ነው፤ ነዳጁ አነሳት!» ዳር ይዞ በላፕቶፑ ነዳጁን ጨመረላት። እንደገና ሲረግጣት መስመሯ አረንጓዴው ላይ ተኛች፣ ለምለሙን የገራዶ መስክ መሰለችኝ። «እማዬ፣ ደርሰናል፣ ይበቃዎታል» አለኝ። ፊደል ያልቆጠርኩት ሴትዮ ቀና ሳልል፣ «ዝም በል፣ እያነበብኩ ነው» አልኩት።