ያልተነበቡት አሥራ አራት መልእክቶች

ክቡራትና ክቡራን፣ መጋቢያችን፣ ሰብሳቢያችን፣ የቢሮ ባልደረቦቼ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ይህን የጡረታ ስንብት ዝግጅት ያሰናዳችሁልኝን ሁሉ አመሰግናለሁ። ወንበር የደረደራችሁ፣ ሻይ ያፈላችሁ፣ ኬክ ያስጋገራችሁ፣ ዕድሜ ይስጣችሁ። ኬኩ ላይ የተጻፈው ስሜ አንድ ፊደል ጎድሎታል አሉኝ። ግድ የለም! ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ ቤተ ክርስቲያን ጸሐፊ ሆኜ የስንታችሁን ስም በደብዳቤ ላይ አበላሽቻለሁ። ብድራችሁን መለሳችሁ።

ቅድም የመዘምራን መሪያችን ስለ እኔ ስትናገር፣ «ቤተ ክርስቲያናችንን ከወረቀት ዘመን ወደ ኢንተርኔት ዘመን ያሻገረ ሰው» አለች። እናንተም አጨበጨባችሁ። ኪሴ ውስጥ ቆንጆ የምስጋና ንግግር አለ፤ ልጄ ናት ያዘጋጀችልኝ። ያንን ጭብጨባ ከሰማሁ በኋላ ግን እሱን ማቅረብ አልችልም። ሁለት ዓመት ሆድ ይፍጀው ብዬ የያዝኩት ነገር አለ፤ ዛሬ ካልተናገርኩት መቼም አልናገረውም።

ታገሡኝ። አላረዝምም። (አላረዝምም ብሎ ያላረዘመ ተናጋሪ አይታችሁ ታውቃላችሁ?)

የአዳራሻችን ጣሪያ ለጥገና የፈረሰበትን ዓመት ታስታውሳላችሁ። መሰብሰቢያ አጣን። ያኔ ድረ ገጽ እንክፈት፣ የእሑድን ጉባኤ በቀጥታ እናስተላልፍ ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ላይ ፊታቸውን አጨፈገጉብኝ። አንደኛው፣ «ምእመን በመስኮት ነው እንዴ የሚገባው?» አሉኝ። እኔም፣ «አባቴ፣ በር ከሌለን በመስኮትም ቢሆን ይግባ» አልኳቸው። ሳቁና ፈቀዱ።

ድረ ገጹን የሠራልን አንድ ጎበዝ ባለሙያ ነበር። ኪሱ ሁልጊዜ በገመድ ስለሚሞላ «ሽቦ» እንለው ነበር። መርሐ ግብር፣ ስብከት፣ መዝሙር፣ ሁሉንም አስገባልን። እኔ ደግሞ አንድ ነገር እንዲጨምር ጠየቅኩት፤ «የጸሎት ጥያቄ» የሚል ገጽ። ሰው ቤቱ ሆኖ ችግሩን ይጻፍልን፤ እኛም እናንብብና እንጸልይ። የጻፈም ሰው ወዲያው መልስ ያግኝ ብዬ መልሱን በገዛ እጄ ጻፍኩት፤ «መልእክትዎ ደርሶናል። በስምዎ እየጸለይን ነው። ብቻዎን አይደሉም።»

እንዴት ያለ ጥሩ ዐረፍተ ነገር ነው! በጣም ኮርቼበት ነበር።

የመጀመሪያው እሑድ ሁለት መቶ ሰው ተከታተለን። በሦስተኛው ወር ሦስት ሺህ ደረስን። አዳራሻችን የሚይዘው አራት መቶ ነው! ሰብሳቢያችን ቁጥሩን ሲሰሙ ጠረጴዛውን ደበደቡት። ሰኞ ሰኞ ቢሮ ስገባ ሁላችሁም፣ «ስንት ደረሰ?» ትሉኝ ነበር። ማን ቀረ ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም። እኔም አልጠየቅኩም።

የጸሎት ጥያቄ ግን አይመጣም። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ ባዶ። ምን ብዬ እንዳሰብኩ ልንገራችሁ? «ሕዝቡ ደህና ነው ማለት ነው» አልኩ። አስቡት፤ ሦስት ሺህ ሰው፣ አንድም የታመመ የለም፣ አንድም ያዘነ የለም። እንዲህ ያለ አገር የት አለ? ይህን ግን ያን ጊዜ አልጠየቅኩም። የምሥራች ደስ ሲል ማን ይመረምረዋል?

አሥር ወር አለፈ። ጣሪያው አለቀ፤ ወደ አዳራሻችን ተመለስን። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ልብስ ሰፊው ቢሮዬ መጣ። የመዘምራኑን ልብስ ሁሉ የሰፋው እሱ ነው፤ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ባለቤቱን ደግሞ የማያውቅ የለም። በእሑድ ትምህርት ቤት ልጆቻችንን ያስተማረችው፣ ልጆቹ «እማማ ከረሜላ» የሚሏት። የእኔን ልጅ ማንበብ ያስጀመረቻት እሷ ናት።

ጥቁር ለብሷል። ወንበር ሰጠሁት፤ አልተቀመጠም።

«ባለቤቴ ዐረፈች» አለኝ። «ሦስት ሳምንት ሆናት። ቀብሯ በእህቷ አገር ነበር።»

መታመሟን እንኳ አልሰማሁም። ያን ያህል ጊዜ አለመታየቷን ልብ አላልኩም።

«የመጣሁት ላመሰግናችሁ ነው» ሲል ቀጠለ። «በጻፈችላችሁ ቁጥር ትመልሱላት ነበር። አንድ ቀን እንኳ አልዘነጋችኋትም። በመጨረሻ ስልኩን እጇ ላይ ይዛ፣ ‹እየጸለዩልኝ ነው› ትለኝ ነበር። እስቲ የሚጸልዩላት እነማን እንደነበሩ ንገረኝ። በየግላቸው ላመስግናቸው።»

ክቡራትና ክቡራን፣ ምን እንዳልኩት ታውቃላችሁ?

«ብዙ ናቸው» አልኩት።

እጄን በሁለት እጁ ጨብጦ ወጣ።

እንደወጣ ሽቦን ፈለግኩት። ገጹን ሠርቶ እንደጨረሰ ነበር ከእኛ ዘንድ የለቀቀው። በስልክ አገኘሁትና፣ «የጸሎት ጥያቄው ወዴት ነው የሚሄደው?» አልኩት። «ጋሼ፣ ስሠራው ለሙከራ ብዬ በራሴ አድራሻ ነበር ያደረግኩት። ሥራ ስለቅ ያንን አድራሻ ተውኩት። እርስዎ አልቀየሩትም እንዴ?» አለኝ።

እኔ መቀየር እንዳለበት አላውቅም ነበር። እሱም የነገረኝ መስሎት ነበር።

አድራሻውን ከፈተልኝ። አራት መቶ አሥራ ሁለት መልእክት ተጠራቅሟል። አንዱም አልተከፈተም። ለአራት መቶ አሥራ ሁለቱም ያ ኮርቼበት የነበረው ዐረፍተ ነገር ሄዷል። «ብቻዎን አይደሉም።»

እማማ ከረሜላ አሥራ አራት ጊዜ ጽፋለች። በመጀመሪያው፣ «ወገቤን አሞኛል፣ አስቡኝ» ትላለች። በአራተኛው፣ «ሐኪሙ ፊቱ ጥሩ አልነበረም።» በሰባተኛው እንዲህ ትላለች፤ በቃሌ ነው የማውቀው፤ «ደረጃ መውረድ አቅቶኛል። ባለቤቴ ወደ ሥራ ሲሄድ ብቻዬን ነኝ። ከቻላችሁ አንድ ሰው ብቻ መጥቶ አጠገቤ ቢቀመጥ። ሦስተኛ ፎቅ፣ በግራ በኩል። በሩን አልቆልፍም።»

በሩን አልቆልፍም! ስንት ቀን ሳትቆልፈው ዋለች?

በአሥራ አንደኛው ደግሞ፣ «ለምን እንዳልመጣችሁ አልጠይቅም፤ ሥራ እንደሚበዛባችሁ አውቃለሁ። ስለ ጸሎታችሁ አመሰግናለሁ» ትላለች። የመጨረሻው የፊደል ግድፈት የበዛበት ነው። የሁላችንም ልጆች ፊደል የቆጠሩት በእሷ እጅ ነበር እኮ።

ነገሩን ለሽማግሌዎች አቀረብኩ። ሰብሳቢያችን፣ ይቅር ይበሉኝ፣ እርስዎ ያሉትን እናገራለሁ። «የቴክኒክ ብልሽት ነው። ሰው ከሰማ ይሰናከላል። ይስተካከልና ይዘጋ» አሉ። እኔም አሜን አልኩ። ከሁላችንም ይበልጥ የቀለለው እኔን ነበር። ስለዚህ እርስዎን ልከስ አልቆምኩም።

ከዚያ በኋላ መልእክቶቹን በወረቀት አትሜ ከቤት ቤት ዞርኩ። ከጻፉልን ሰዎች አንዳንዱ አድራሻ ቀይሯል። አንዳንዱ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ «አሁን ገና?» ብሎኛል። አንዲት እናት ሕፃኗን ታቅፋ አስገባችኝና፣ «ያኔ ጨንቆኝ ነበር፤ አሁን አልፏል፤ ይቀመጡ» አለችኝ። መቀመጡ ከመቆሙ ከበደኝ።

ድረ ገጽ ክፉ ነው እንድትሉ አይደለም ይህን የማወራው። መልእክቱ ወደ እኔ መምጣት ከጀመረ ወዲህ ያየሁትን አይቻለሁ። ጆሮዋ የማይሰማ አንዲት ልብስ አጣቢ፣ «ስብከቱን በጽሑፍ አውጡልኝ» ብላ ጻፈች፤ አወጣንላት፤ አሁን ፊት ለፊት ትቀመጣለች። በእሑድ ፈረቃ የምትሠራው ነርስ በምሳ ዕረፍቷ ትከታተለናለች፤ እኔም ሐሙስ ሐሙስ እደውልላታለሁ። አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ከሚስቱ ጋር የታረቀው በዚያ ገጽ በጻፈው ሁለት መስመር ነው። ገጹ ሰውን እስከ ደጃፋችን ያመጣዋል። ከደጃፉ ወዲህ ግን ተነሥቶ «ግቡ» የሚል ሰው ያስፈልጋል። ሲጻፍልን በዚያው ቀን እንደውል። አንድ ሰው ለሁለት ሳምንት ከገጹም ከወንበሩም ከጠፋ፣ ሰው እንላክ። ሌላ ብልሃት አላውቅም። በሠላሳ አንድ ዓመት የተማርኩት ይችን ነው፤ ቀላል ናት፤ ግን ሰው ትፈልጋለች።

ልብስ ሰፊውስ? ሁለት ዓመት ሙሉ ባየኝ ቁጥር ባርኔጣውን እያነሣ ሰላም ይለኝ ነበር። ከዚያ ሰላምታ ለመሸሽ መንገድ እቀይር ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት አልቻልኩም፤ ወደ ሱቁ ሄድኩ። የሙሽራ ቀሚስ ሲሰፋ አገኘሁት። ሁሉንም ነገርኩት።

መርፌውን አላስቀመጠም። እስከ ጠርዙ ድረስ ሰፍቶ ጨረሰ።

«ከአሥራ አራቱ አንዱን እንኳ አላነበባችሁም?»

«አንዱንም።»

«ጸሎት የሚባል አልነበረም?»

«አልነበረም።»

«እሷ በሰላም ነው የሄደችው» አለኝ። «እኔም በዚያ ነበር የምጽናናው። አሁን ምን ልትሰጠኝ መጣህ?»

«ሂድልኝ» አለኝ፤ ሄድኩለት። ለዛሬው ዝግጅት ጠርቼው ነበር፤ አልመጣም። ከዚያ ቀን ወዲህ እሑድም አልመጣም። እውነቱን መናገሬ ለእሱ ይሁን ለራሴ፣ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እኔ እንጃ። የሰረቅኩትን ልመልስ ብዬ የቀረችውን አንዲት ነገር ጨምሬ ወሰድኩበት።

አሁን ይህን ለምን ዛሬ እንደተናገርኩ ልንገራችሁና ልጨርስ።

ጡረታ የወጣሁት ዕድሜዬ ስለደረሰ ይመስላችኋል። ዓይኔ ነው። ሐኪሙ የቀረው ብርሃን እንዲቆይልኝ መድኃኒት ሰጥቶኛል፤ የጠፋው ግን አይመለስም። ላለፉት አምስት ወራት የጸሎት ጥያቄዎቹን ያነበበችልኝ ባለቤቴ ናት። እሷ እያነበበች፣ እኔ እየደወልኩ። ከነገ ጀምሮ የቢሮው ቁልፍ በእጄ የለም።

በሦስት ስብሰባ፣ «ይህን ሥራ የሚረከበኝ ማን ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ሦስቴም «ለሚቀጥለው ይተላለፍ» ተባለ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንድ ሻጭ መጥቶ አዲስ መተግበሪያ አሳየን። ምእመኑ ሲጽፍ ማሽኑ ራሱ ያጽናናዋል፤ ጥቅስም ይመርጥለታል። «በሦስት ሰከንድ ውስጥ ይመልሳል» አለ። ሁላችሁም ተደነቃችሁ። ሦስት ሰከንድ! የእኔ እኮ በሁለት ነበር የሚመልሰው።

እለምናችኋለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ምንም ለምኛችሁ አላውቅም፤ ዕረፍት እንኳ ስጠይቅ በጽሑፍ ነው። ያንን ነገር አትግዙ። ከገዛችሁም በሰው ቦታ አታስቀምጡት። እኔ ይህን እያወራሁ ያልተነበቡ አሥራ ዘጠኝ መልእክቶች አሉ። ከእነሱ ሌላ አንዱን ባለቤቴ ከቤት ከመውጣታችን በፊት አነበበችልኝ። የሚከተለውን ይላል፤ «ስሜን በጉባኤ አታንሡ። ከሥራ ከተሰናበትኩ አርባ ቀን ሆነኝ። ለቤተሰቤ አልነገርኩም። በየጠዋቱ ለብሼ እወጣለሁ፣ መናፈሻው ውስጥ ውዬ እገባለሁ። ዛሬ ወደ ቤት መመለስ የምችል አይመስለኝም።» ስልክ ቁጥሩን ጽፏል። ሦስቴ ደወልኩ፤ ሊነሣልኝ አልቻለም። መናፈሻው ከዚህ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። ከዚህ ወርጄ ወደዚያ ልሄድ ነው። ሰውን በሩቅ መለየት ግን አልችልም። የሚያይ ዓይን ያስፈልገኛል።

ማን አብሮኝ ይሄዳል?

...

እጅ ያነሣችሁ ካላችሁ በድምፅ ንገሩኝ፤ ከሁለተኛው ረድፍ ወዲያ አይታየኝም።

...

እሺ። ልመርቃችሁና ልውረድ፤ እስከዚያ አስቡበት።

መጋቢያችን፣ መንጋዎን በቁጥር ሳይሆን በስም ያውቁ ዘንድ ጉልበት ይስጥዎ። ሰብሳቢያችን፣ በእኔ አይቀየሙ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። የቢሮ ባልደረቦቼ፣ ላስከፋኋችሁ ይቅር በሉኝ፤ ለታገሣችሁኝ ብድራችሁን እሱ ይክፈል። ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ። በሽታ ደጃችሁን ይርሳው። ከታመማችሁም፣ ካረጃችሁም፣ ከወደቃችሁም፣ ጫማውን አጥልቆ «የት ጠፋህ? የት ጠፋሽ?» እያለ ፍለጋችሁን የሚወጣ አንድ ሰው አያሳጣችሁ።

ደህና ሁኑ። ኮቴን አቀብሉኝ።