በሞተሩ ላይ ስለተፋቀችው ቀይ ነጥብ የተሰጠ የምስክርነት ቃል

የመስካሪው መጠሪያ፦ በሥራ ባልደረቦቹና በደንበኞቹ ዘንድ «ቀስ በሉ» በመባል የሚታወቅ
ዕድሜ፦ 61
ሥራ፦ የመኪና ሞተር ጥገና፣ 34 ዓመት
አድራሻ፦ ከአውቶቡስ ማዞሪያው ጀርባ፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ያለው ጋራዥ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ማክሰኞ፣ ከረፋዱ 4፡20 ሰዓት ጀምሮ
ጉዳዩ፦ ተሰርቃለች የተባለችን መኪና ስለመለየት

እኔ መጠሪያዬና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው መስካሪ ማንም ሳያስገድደኝ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። ሰው «ቀስ በሉ» የሚለኝ ቀርፋፋ ስለሆንኩ ሳይሆን፣ የሞተር ቡሎን የሚያጠብቅ ሰው ባየሁ ቁጥር «ቀስ በሉ» ስለምል ነው። መርማሪው ይህ ለጉዳዩ አያስፈልግም ብለውኝ ነበር። ስሙ ተጽፎ ምክንያቱ ካልተጻፈ መሳቂያ እሆናለሁ ብዬ እንዲጻፍልኝ ጠይቄያለሁ።

የግል ተበዳይ የሆነችውን አዋላጅ ነርስ፣ ሁላችንም «ሲስተር» የምንላትን፣ አሥራ ሁለት ዓመት አውቃታለሁ። መኪናዋን ከእኔ በቀር የነካ መካኒክ የለም። መኪናዋ ከአሥራ አንድ ሳምንት በፊት ከጤና ጣቢያው ደጃፍ ተሰርቃ፣ ባለፈው ዓርብ በአንድ መኪና ነጋዴ ግቢ ውስጥ ግራጫ ቀለም ተቀብታ ተገኝታለች። የሻንሲውም የሞተሩም ቁጥር ተፍቋል። ነጋዴው በሕጋዊ መንገድ ነው የገዛኋት ብሎ ወረቀት አቅርቧል። ሲስተር መኪናዋ ከጠፋች ወዲህ ምጥ የያዛቸው እናቶች ዘንድ የምትደርሰው ሰው ለምና ነው፤ ካልሆነም በእግሯ። የሚለያት ምልክት ካልተገኘ መኪናዋ ዛሬውኑ ለነጋዴው እንደምትመለስ መርማሪው ነግረውናል።

ዛሬ ከጠዋቱ 2፡45 ሰዓት ላይ በፖሊስ ጣቢያው ግቢ መርማሪው፣ ሲስተር፣ ነጋዴውና ነጋዴው ይዞት የመጣው መካኒክ ባሉበት «ይህችን መኪና በምን ይለዩዋታል?» ተብዬ ተጠየቅሁ። ልማዴን አስረዳሁ። ካምሻፍት ማለት የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍትና የሚዘጋ ዘንግ ነው። በዚህ ሞተር ሁለት አሉ፤ አንዱ አየር ለሚያስገቡት ቫልቮች፣ ሌላው ጭስ ለሚያስወጡት። ሲያዩዋቸው መንታ ናቸው፤ አንዱ በሌላው ቦታ ቢገባ ግን ሞተሩ አለቀለት። ስለዚህ ሳወጣቸው በባለቤቴ ቀይ የጥፍር ቀለም በማስገቢያው ዘንግ ጫፍ ባለው ጥርስ ላይ አንድ ነጥብ፣ በማስወጫው ላይ ሁለት ነጥብ አደርጋለሁ። የጥፍር ቀለም ዘይትም ሙቀትም አይበግረውም። ባለቤቴ «እኔ ጥፍሬን ሳልቀባ የሰው ሞተር ተኳለልህ» ትለኛለች።

የነጋዴው መካኒክ «ምልክት የማያደርግ መካኒክ ማን አለ? እኔም ቀይ ነው የማደርገው» አለ። እውነቱን ለመናገር ሰውየው አልተሳሳተም። መርማሪው ከዚህ የተለየ ምልክት እንዳለ ጠየቁኝ። ነበረ። ግን እሱን ለመናገር ሲስተር ፊት የዋሸሁትን ውሸት ማውጣት ነበረብኝ። ሠላሳ አራት ዓመት «እሱ የነካው ሞተር አይመለስም» ሲባልልኝ ኖሬ፣ ያውም ደንበኛዬ ፊት፣ ይህን ማውጣት ከበደኝ። ሲስተር ቀና ብላ አየችኝ፤ እሷን ሳይ አፌ ተከፈተ።

ነገሩ የሆነው ከሁለት ዓመት በፊት ረቡዕ ዕለት ነው። የሲስተር መኪና ሞተር ከላይ ዘይት ያፈስ ስለነበር ሁለቱንም ካምሻፍቶች አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አጋድሜያቸው ነበር። በዚያው ዕለት ልጄ ምጥ ይዟት ጤና ጣቢያ ገብታለች። ያዋለደቻት ራሷ ሲስተር ናት፤ መኪናዋ እኔ ጋ ስለነበረች ሥራ የገባችውም በእግሯ ነው። ከረፋዱ 5፡10 ሲሆን ደውላ «ጋሼ፣ ሴት ናት። እናትም ልጅም ደህና ናቸው» አለችኝ። በስልኩ ውስጥ የሕፃኗን ለቅሶ ሰማሁ። የመጀመሪያ የልጅ ልጄ ናት። ስልኩን ዘግቼ የጥፍር ቀለሙን አነሳሁና በደስታ ብዛት ነጥቡን አገላብጬ አደረግሁት፤ ለማስገቢያው ሁለት፣ ለማስወጫው አንድ።

ከዚያ በምልክቱ እየተመራሁ አንዱን በሌላው ቦታ አስገባሁ። መቀመጫቸውን ዘይት ቀባሁ፣ የላይኛውን ማሰሪያ ቡሎን ከመሃል ወደ ዳር ግማሽ ግማሽ ዙር እያልኩ አጠበቅሁ፣ ካምሻፍቶቹን የሚያዞረውን የጥርስ ቺንጋ አልብሼ በማጥበቂያው ወጠርኩ። ሁሉም በሥርዓቱ፣ ግን በስህተቱ ላይ። እኔ ሞተር ሰብስቤ በቁልፍ አላስነሳም፤ መጀመሪያ በመፍቻ በእጄ ሁለት ሙሉ ዙር አዞራለሁ። ገና አንዱን ዙር ሳልጨርስ ብረት ብረትን ነካና መፍቻው አልሄድም አለ። በቁልፍ አስነስቼው ቢሆን ኖሮ ቫልቮቹ ሁሉ ይጎብጡ ነበር።

እንደገና ፈታሁት። ከማስገቢያው ላይ ትርፏን ነጥብ በምላጭ ፋቅኋት። በማስወጫው ላይ የጎደለችውን ልጨምር ስል ቀዩ ቀለም ክዳኑን ረስቼው ደርቋል። የባለቤቴን ሐምራዊ አምጥቼ ነካ አደረግሁት። እንደገና ገጥሜ እስክፈትሽ ሥራው ሁለት ቀን ዘገየ። ሲስተር ስትጠይቀኝ «የመለዋወጫ ዕቃ ሻጩ ዕቃውን አላመጣልኝም» አልኳት። በእነዚያ ሁለት ቀናት ከሥራ በኋላ ዳገቱን በእግሯ ወጥታ ቤታችን እየመጣች አራሷን ልጄን ስትጠይቅ፣ ጫማዋ አቧራ ለብሶ ሳይ አፈር በሆንኩ እል ነበር፤ እውነቱን ግን አልተናገርኩም።

ስለዚህ መርማሪውን ሞተሩ ሳይከፈት ቃሌን ይጻፉልኝ አልኳቸው፦ በማስገቢያው ላይ አንድ ቀይ ነጥብና አጠገቧ የምላጭ ጭረት፤ በማስወጫው ላይ አንድ ቀይና አንድ ሐምራዊ። ጽፈው ሲጨርሱ አምስቱን ቡሎን ፈትቼ የቺንጋውን ክዳን አነሳሁና ጥርሶቹን በጨርቅ ጠረግሁ። መርማሪው በስልካቸው መብራት ጎንበስ ብለው «አንድ ቀይ፣ ጭረት፣ ቀይ፣ ሐምራዊ» እያሉ ጮክ ብለው ቆጠሩ። የነጋዴው መካኒክ እጁን ኪሱ ከቶ ወደ ኋላ ቆመ። ነጋዴው ስልክ ልደውል ብሎ ሊወጣ ሲል እዚሁ ይቆዩ ተብሏል።

እኔ ሲስተርን ቀና ብዬ ማየት አቅቶኝ ክዳኑን እጠርግ ነበር። «ጋሼ፣ ሁለት ቀን ያንን ዳገት በእግሬ የወጣሁት የልጅ ልጅዎ ስለተወለደች ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። የመኪናውን በር ይዛ እስክትንገዳገድ ሳቀች። ከዚያ «እኔ እኮ ያንን ዕቃ ሻጭ ሰላም ካልኩት ሁለት ዓመቴ ነው። በበሩ ሳልፍ ፊቴን አዞርበታለሁ» አለች። መርማሪውም ሳቁ፤ ይህ ግን አይጻፍ ብለዋል።

ክዳኑ ክፍት ሳለ ቺንጋውን በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ ይዤ ጠመዘዝኩት። በደንብ ሲወጠር ሩብ ዙር ላይ ነው የሚቆመው፤ ይሄ ግን ዝም ብሎ ይዞራል፤ የሰረቃት ሰው ነካክቶታል። መርማሪው ማስረጃ ነውና አይንኩት አሉኝ። ይህችው ሴት በዚህ ቺንጋ ምጥ ወደያዛት እናት ብትሄድ መንገድ ላይ ትቀራለች ብዬ ለመንኳቸው። ፎቶ ከተነሳ በኋላ ፈቀዱልኝ። ወጠርኩት፣ በእጄ ሁለት ዙር አዞርኩት፣ ሩብ ዙር ላይ ቆመልኝ። ሲስተር ቁልፉን ስታዞር መኪናዋ በመጀመሪያው ተነሳች። መርማሪውም መኪናዋን እንድትረከብ ፈቅደውላታል፤ ደስ ብሎኛል።

መርማሪው ቃሌን ካነበቡልኝ በኋላ የልጅ ልጄን መወለድ የሚያወሳው ይውጣ ወይ ብለው ጠይቀውኛል። እሱ ከወጣ ነጥቡ ለምን እንደተሳሳተ ማንም አይገባውም፤ ይቆይ ብያለሁ። ዛሬ የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነው። ዕቃ ሻጩ ግን በወቅቱ ዕቃውን በሰዓቱ አምጥቷል፤ ጥፋት የለበትም። ከዚህ ስወጣ ሲስተር በመኪናዋ ወደ እሱ ልታደርሰኝ ተስማምተናል፤ ይህንንም ለእሱ በአፌ እነግረዋለሁ።

የመስካሪው ፊርማ፦ ______
የመርማሪው ፊርማ፦ ______
መኪናዋን የተረከበችው የግል ተበዳይ ፊርማ፦ ______