ዱኩ ዘር ሲቆጥር

ዘመኑ ፲፱፻፶ ዓ.ም.፣ እስፓኝ ከማኒላ እስከ ምጽዋ የምትገዛበት ዓለም፤ ጣና ዳር ባለችው የደንገል አፋፍ መንደር፣ የርስቱ አለቃ ወይዘሮ ይመናሹና የእስፓኝ ቆንስል አስተርጓሚ የሆነው የእህታቸው ልጅ ቢተው ከረፋዱ ጀምሮ በወይዘሮዋ ግቢ ተቀምጠው ይከራከራሉ።

ቢተው፦ አንዴ አውራ ጣትዎን ውሉ ላይ ያሳርፉልኝና ልገላገል፣ እሜቴ! ቀለሙ እየደረቀ ነው እኮ።

ይመናሹ፦ ይድረቅ። እኔ በጥብጥ አላልኩህ።

ቢተው፦ ቆንስሉ ዶን ራሞን ስድስት ሰዓት ላይ ይመጣል። ፊቱ ምን ብዬ እቆማለሁ?

ይመናሹ፦ እንደ ሁልጊዜው ጎንበስ ብለህ። ወገብህ ለምዶታል።

ቢተው፦ ይስደቡኝ፣ ግድ የለም። እኔ ለእርስዎ ብዬ ነው። የመጣችው እስፓኝ ናት! ባሕሩ የእሷ፣ ሰማዩ የእሷ። አንድ ሹም ሃቫና ላይ ቢያስነጥሰው ማኒላ ላይ «ይማርዎ» የሚለው አያጣም። እንግሊዝ እንኳ መርከቧን የምታሳልፈው አስፈቅዳ ነው።

ይመናሹ፦ ይህን ሁሉ የያዘ ሰው ታዲያ አርባ አባወራ የተጠጋጋባትን የደንገል ዳርቻ ምን ያደርግለታል? ምን ዓይነት ሆድ ነው የሰጠው?

ቢተው፦ ውኃ ላይ የሚያርፍ አውሮፕላን አላቸው። ከምጽዋ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ሲሄድ ጣና ላይ ማረፍ አለበት። ነዳጅ ማከማቻ ይሠራል፣ የሬዲዮ ግንብ ይቆማል፣ ለመኮንኖቹ ቤት...

ይመናሹ፦ እኛስ?

ቢተው፦ እናንተማ ወደ ደጋው ትዛወራላችሁ። የቆርቆሮ ቤት ይሠራላችኋል።

ይመናሹ፦ መቃብሩንስ በቆርቆሮ ይሠሩልናል? እናትህ ያለችው ከዚያ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ነው። እኔ ነኝ ገንዤ የቀበርኳት። አንተ ያን ጊዜ ምጽዋ ተቀምጠህ ቋንቋቸውን ትማር ነበር።

ቢተው፦ እሱን አያንሡብኝ።

ይመናሹ፦ አነሣዋለሁ እንጂ! የነዳጅ በርሜል ሊያንከባልሉባት ነው፤ አንተ ደግሞ ቀለም ይዘህ መጣህ።

ቢተው፦ ይስሙኝ እንጂ እሜቴ። በጉልበት መውሰድ አቅቷቸው አይደለም። በእኛው ወግ፣ በርስት ሕግ፣ በዱካቸው፣ በመስፍናቸው ዘር በኩል ነው የጠየቁት። ይህ እኮ ክብር ነው።

ይመናሹ፦ ክብር! መድፍ የጫነ መርከብ ምጽዋ ላይ አቁሞ «በወጋችሁ መጥቻለሁ» ይለኛል። ማኒላንም በሴት አያቱ በኩል ነው የያዛት?

ቢተው፦ ኧረ ይተዉ! እውነቱን ልንገርዎ፤ በጉልበት ከወሰዱ እንግሊዝ በዓለም ፊት ትጮኻለች። ሁለት ጋዜጠኞቿ ጎንደር ከተቀመጡ ወር አልፏቸዋል፤ አንድ ነገር ይገኛል ብለው ነው። ለዚህ ነው የእርስዎ ጣት የተፈለገው።

ይመናሹ፦ እንዲያ በለኛ። ዓለምን የያዘች አገር የአንዲት አሮጊት አውራ ጣት ቸገራት።

ቢተው፦ ስጦታም ልከውልዎታል። የንጉሡን ሥዕል፣ በመስተዋት የተለበጠ...

ይመናሹ፦ ዶሮ ቤት ሰቅዬዋለሁ። ፊቱን አይቶ ሽልምጥማጡ ይፈራል ብዬ ነበር። ትናንት ሁለት ዶሮ በላብኝ።

ቢተው፦ ወይኔ ጉዴ! ቆንስሉ «የት ሰቀሉት?» ብሎ ቢጠይቀኝስ?

ይመናሹ፦ «ቀን ከሌት እንቁላል በሚገኝበት ቤት» በለው። በል አሁን ዘር ቁጠርልኝ። ርስት የሚጠይቅ ሰው ራስ ቢሆን ለማኝ ቢሆን ዘሩን ሳይቆጥር አይጠይቅም። ያ ዱክ የምትሉት ሰው በምን በኩል ነው የሚዛመደን?

ቢተው፦ ይኸው ወረቀቱ። ሴቪያ ከሚባለው ከተማቸው፣ ከመዝገብ ቤት የወጣ ነው። ሦስት ማኅተም አለበት፤ የንጉሡ፣ የጳጳሱ፣ የቆንስሉ።

ይመናሹ፦ ማኅተሙን ተወውና ቁጠር።

ቢተው፦ ደንገል አፋፍን ያቀናው አባታችን ዘርዐ ዮሐንስ ወለተ ጽዮንን ወለደ።

ይመናሹ፦ እሺ።

ቢተው፦ የዛሬ ሦስት መቶ ዓመት አሎንሶ የሚባል የእስፓኝ ሰው ለጎንደር ንጉሥ ግንብ ሊሠራ መጣ። ወለተ ጽዮንን በሥርዓት አገባ። ዲዬጎ የሚባል ልጅ ወለዱ። አሎንሶ ልጁን ይዞ አገሩ ገባ። ዛሬ የቅኝ ግዛት ሚኒስትር የሆነው ዱክ የዲዬጎ ዘር ነው። እንግዲህ የዘርዐ ዮሐንስ ልጅ ነው፤ ርስተኛ ነው።

ይመናሹ፦ እስከ ዛሬ የት ነበረ? መንገድ ጠፍቶት ነው?

ቢተው፦ እርስዎ ራስዎ ሸንጎ ተቀምጠው ሲፈርዱ ሰምቼዎታለሁ። የጠፋ ልጅ ዘሩን ቆጥሮ ከመጣ፣ ስንትም ትውልድ ቢያልፍ ድርሻውን ያገኛል ብለዋል።

ይመናሹ፦ ብያለሁ። ዛሬም እላለሁ። ድርሻውን ነው ያልኩት እንጂ ጠቅልሎ ይውሰድ አላልኩም። አርባ አባወራ የተካፈለውን አርባ አንደኛ ሆኖ ይካፈል። ጎመን መትከያ ትደርሰዋለች።

ቢተው፦ ዱክ ነው እኮ፣ እሜቴ!

ይመናሹ፦ ቢሆንስ? ዘንድሮ የቤተ ክርስቲያኑ ክዳን ይታደሳል። ርስተኛ የሆነ ሁሉ ሣር አጭዶ፣ በጀርባው ተሸክሞ ይመጣል። ይምጣና ይሸከም። ሚስቱም ውኃ ትቅዳ።

ቢተው፦ የእሱ ሚስት? ለውሻዋ እንኳ ተሸካሚ ቀጥራለች።

ይመናሹ፦ ተሸካሚውን ይዛው ትምጣ፤ ጭቃ ያቦካልናል። ውሻውም ሽልምጥማጡን ይጠብቅልኝ፤ ከንጉሡ ሳይሻል አይቀርም።

ቢተው፦ እርስዎ ይቀልዳሉ፣ እኔ ጭንቅ ላይ ነኝ። ይህ ከተፈረመ በዋና አስተርጓሚነት ማድሪድ ይልኩኛል። ካልተፈረመ ከሥራ እባረራለሁ። ቁርጡን ነግረውኛል።

ይመናሹ፦ አሁን ገና አፍህን ከፈትክ። «ለእርስዎ ብዬ» ስትለኝ አረፈድክ እኮ።

ቢተው፦ አፍሬያለሁ። ይበቃዎታል? አፍሬያለሁ፤ ግን ማድሪድን ማየት እፈልጋለሁ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ቃል ሳመላልስ ኖሬ፣ አንድ ቀን እንኳ «ቁጭ በል» ያለኝ የለም።

ይመናሹ፦ አንጀቴን አትብላው። ይልቅ ወረቀቱን እንደገና አንብብልኝ። የዘለልከው አለ።

ቢተው፦ ምን ዘለልኩ?

ይመናሹ፦ ጣትህ እየወረደ መጥቶ መሐል ላይ ዘሎ አረፈ። ፊደሉን አላውቀውም እንጂ ዓይኔ ደህና ነው።

ቢተው፦ ለጉዳዩ ስለማይጠቅም ነው... እሺ። «ጌታ አሎንሶ፣ በሴቪያ ደጃፍ የሁለት ወፍጮ፣ የሰፊ የወይራ እርሻና ደወል ያለው ግንብ ቤት ጌታ...»

ይመናሹ፦ ይኼ ደግሞ ምን ሊያደርግ ተጻፈ?

ቢተው፦ የዱኩ አያት ተራ ግንበኛ ነበር እንዳይባል ነዋ። ይህን አስገቡልኝ ብሎ የወተወተው ራሱ ቆንስሉ ነው። ንብረቱም ሳይከፈል ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ኖሮ ዛሬ ዱኩ እጅ ላይ ነው። በዚያማ እንደሚኮሩ!

ይመናሹ፦ ይኩሩ። ቀጥል።

ቢተው፦ «ከወለተ ጽዮን ሁለት ልጆች ወለደ። በኩሯ ማርታ ናት፤ ከእናቷ ጋር ቀረች። ሁለተኛው ዲዬጎ...»

ይመናሹ፦ ማርታን ነው የዘለልካት?

ቢተው፦ ሴት ስለሆነች በእነሱ ዘንድ አትቆጠርም።

ይመናሹ፦ በማን ወግ ነው መጣን ያላችሁኝ?

ቢተው፦ በ... በእኛ።

ይመናሹ፦ በእኛ ወግ ሴት ርስት ትወርሳለች ወይስ አትወርስም?

ቢተው፦ ትወርሳለች።

ይመናሹ፦ በል እኔን ቁጠረኝ። ሕፃን ሳለህ በአርጩሜ ነው ያስጠናሁህ።

ቢተው፦ ወለተ ጽዮን ማርታን ወለደች። ማርታ ኪዳኔን፣ ኪዳኔ ወልደ ገሪማን፣ ወልደ ገሪማ ሲራክን፣ ሲራክ ትኩዬን፣ ትኩዬ እንግዳን፣ እንግዳ ገሠሠን፣ ገሠሠ ምናሴን፣ ምናሴ ሣህሉን፣ ሣህሉ እርስዎንና እናቴን... እሜቴ!

ይመናሹ፦ ምነው ቆምክ?

ቢተው፦ እኔም አለሁበት።

ይመናሹ፦ አለህበት እንጂ። አርባው አባወራ አለበት። እኔና እናትህ ልጆች ሳለን ውኃ ስንቀዳ «የፈረንጅ ቅሪት» እያሉ ይሰድቡን ነበር። አባታችን የማርታን አባት ስም ቤት ውስጥ እንዳይነሣ ከለከለ። እናትህ በዚህ ስም ስንት ቀን እንዳለቀሰች እኔ ነኝ የማውቀው። ያፈርንበትን ስም አሁን ንጉሣቸውና ጳጳሳቸው አትመው ላኩልን።

ቢተው፦ ቆይ፣ ቆይ። አሎንሶ የእኛም አያት ከሆነ...

ይመናሹ፦ ሁለት ልጅ ወለደ፤ አንደኛው ብቻውን ሲበላ ኖረ። የጠፋነው ልጆች እኛ ነን። ይኸው ዘራችንን ቆጠርን። ወፍጮው፣ ወይራው፣ ባለ ደወሉ ቤት ይከፈላል።

ቢተው፦ ይስቁብናል!

ይመናሹ፦ ይሳቁ። ማርታ የአሎንሶ ልጅ አይደለችም ካሉ ወረቀቱ ውሸት ነው። ወረቀቱ ውሸት ከሆነ ዱኩ እዚህ ምንም የለውም፤ አውሮፕላኑን የሚያሳርፍበት ይፈልግ። ወረቀቱ እውነት ነው ካሉ ደግሞ ስንቄን እቋጥራለሁ። የትኛውን እንደሚመርጡ በእንግሊዞቹ ጋዜጠኞች ፊት ይንገሩኝ።

ቢተው፦ ያ የቆንስሉ መኪና ነው! እሜቴ፣ ወረቀቱን ይስጡኝ፤ አሁን እጄ ላይ ነበር እኮ... ምን አደረጉት?

ይመናሹ፦ መቀነቴ ውስጥ ነው። የሚፈታኝ ጀግና ካላቸው ይምጣ።

ቢተው፦ ያባርሩኛል። ማድሪድም ቀረ።

ይመናሹ፦ ማን ቀረ አለህ? ድርሻችንን ሊረከብ የሚሄድ፣ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ያስፈልገኛል። እዚያ ቆመህ የሰው ቃል አታመላልስም፤ ወንበር ስበህ ትቀመጣለህ። ካልፈለግህም ቀለምህን አንሣና ከጌታህ ጋር ሂድ። አልይዝህም።

ቢተው፦ እሜቴ... አለቃነቱስ? ዱክ ነኝ፣ የቤቱ ራስ ነኝ ቢል?

ይመናሹ፦ አለቃነት የበኩር ዘር ነው። በኩሯ ማን ናት?

ቢተው፦ ማርታ።

ይመናሹ፦ ከማርታ ዘር በዕድሜ የሚበልጥ ማን አለ?

ቢተው፦ እርስዎ ነዎት።

ይመናሹ፦ በሩን እያንኳኳ ነው። እንደ ወደድክ አስተርጉም።

ቢተው፦ ዶን ራሞን፣ ባርኔጣዎን አውልቀው ይግቡ፤ የዱኩ አለቃ ተቀምጠዋል።