ቡፌ የማይውጠው ስጦታ

— ሄሎ… አቤት? ውይ፣ አንተ ነህ ወንድምዬ? እንኳን አብሮ አደረሰን… አዎ፣ ሶፋው ትናንት ጠዋት ደርሷል። ባለ ሁለት ሰው፣ ሰማያዊው፣ እንደተባባልነው።

— ደስ አላቸው እንጂ። እማዬማ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠረገችና «ቡፌው ውስጥ የት ይገባል?» አለች።

— አልቀለድኩም። ቡፌው ውስጥ… እኔም ያልኩት እሱን እኮ ነው። የገዛነው እንዳይገባ ብለን አይደል? ለአባዬ የሰጠነው የቤት ጫማ ሦስተኛ ገናውን ከነካርቶኑ መስታወት ውስጥ ሊውል ነው፤ እሱ በባዶ እግሩ ሲሚንቶ እየረገጠ ተረከዙ ተሰነጣጥቋል። ስኒዎቹም እንደዚያው። አንተ ራስህ «ቡፌ የማይውጠው ነገር ፈልጊ» አልከኝ፤ እኔም የዋጋውን ግማሽ ለመሙላት ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ልጆች ፀጉር ስሠራ ከረምኩ። አንዴ ሲጠቀሙበት ልይ ብዬ።

— አባዬ? ሜትሩን ከኪሱ አወጣና ሶፋውን ለካው።

— ሄሎ?… ትሰማኛለህ?… አትሳቅ በናትህ። ቡፌ የማይውጠው ዕቃ ገዝተን ለአናጢ ሰጠን። አባዬ ትናንት ቀኑን ሙሉ ጣውላ ሲልግ ዋለ፣ ዛሬ ሶፋውን የሚውጥ ቡፌ ገጥሞ ውስጡ ከተተው። የሳሎኑን ግማሽ ይዟል። ባለ መስታወት በር ነው፣ ቁልፍ ሁሉ አለው። የኔን የጥናት ጠረጴዛ ኮሪደር ላይ ጣሉት።

— አቤት እማዬ?… አልተደገፍኩትም… እሺ፣ መስታወቱን አልነካም።

— የድሮውንም ዕቃ ወደ አዲሱ አዛወሩት። ከእንግዲህ ካልሲ ነው የምገዛላቸው… ካልሲም ይደረድሩታል፣ ልክ ነህ።

— ቆይማ… አባዬ መደርደሪያውን ሊያጠብቅ ውስጥ ገባ… እማዬ ጮኸችበት፤ «በዚያ እግርህ አዲሱን ጣውላ ልታቆሽሽ ነው?» እያለች… ወንድምዬ፣ ካርቶኑን ከፈተችው። የኛን ጫማ። «ከቡፌው አይወጣም፣ እዚሁ ብቻ» ትላለች… አዎ፣ አደረገው። ልኩ ነው።

— ተቀመጠ። ሶፋችን ላይ… ወገቤን ላሳርፍ ነው የሚለው። እማዬ ልታስነሳው ገባች… አላስነሳችውም። እሷም አጠገቡ ተቀመጠች።

— አለሁ፣ አለሁ… አላለቀስኩም፣ ጉንፋን ነው። እኔ እንጃ፣ ደስ ብሎኛል መሰለኝ። ስኒ አወረደች… ሁለት… ሦስት።

— አቤት አባዬ?… እኔንም ነው?… መጣሁ።

— ልዝጋው ወንድምዬ፣ እየጠሩኝ ነው… ምን ይላሉ ትላለህ? «ፍጠኚ፣ ገብተሽ በሩን ዝጊው፣ አቧራ ይገባል።»